ፊደል ቆጥሮ መቅረት፤ ስለ ድኻ ልጆች ንባብና ንግግር የቀረበ ሒስ

ፊደልን የለየ ሁሉ አንባቢ ነው ማለት አይደለም። ገበሬ በሬውን ጠምዶ ከእርሻው ዳር ቢቆም አረሰ እንደማይባል ሁሉ፥ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ለይቶ ከመጽሐፉ ደጃፍ የቆመ ልጅም አነበበ አይባልም። ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ስለ ሕፃናት ትምህርት በምንነጋገርበት ጊዜ «ስንት ልጆች ተመዘገቡ? ስንት መጻሕፍት ታደሉ?» ከሚለው ጥያቄ አልፈን «ያነበቡትን ተረዱት ወይ? የተረዱትንስ በራሳቸው ቃል መናገር ቻሉ ወይ?» ወደሚለው የምንደርሰው ከስንት አንዴ ነው። በዚህ ጽሑፋችን ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ሁለተኛ ጥያቄ ሲሆን፥ የምንመረምረውም በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ የሚያድጉትን የድኻ ቤተ ሰብ ልጆች እያሰብን ነው። ሒሳችን በልጆቹ ላይ አይደለም፤ ለእነርሱ በተጻፉት መጻሕፍትና ለእነርሱ ተብሎ በሚሰጠው እርዳታ ላይ ነው።

ሰበታ በጅማ መንገድ፥ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ሱሉልታ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤት ከተሞች ጋር ተጠቃልለው ሸገር በሚባለው የከተማ አስተዳደር ውስጥ ገብተዋል። ከዋናው ከተማ የቤት ኪራይ የሸሸውም፥ ከገጠር ሥራ ፍለጋ የመጣውም የሚያርፈው በእነዚህ ከተሞች ነው። እናት በአበባ እርሻ ወይም በፋብሪካ ትውላለች፤ አባት በቀን ሥራ፥ በሽመና ወይም በከብት እርባታ ይደክማል። በአንድ ግቢ ውስጥ አፋን ኦሮሞ፥ አማርኛ፥ ጉራጊኛና ጋሞኛ ሲነገር ይውላል። እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ ፊደል የቆጠረ ልጅ ተማሪ ብቻ አይደለም፤ የቤቱ ጸሐፊም እርሱ ነው። የኪራዩን ውል የሚያነበው፥ ከጤና ጣቢያ የመጣውን የመድኃኒት ትእዛዝ ለእናቱ የሚያስረዳው፥ በመርዝ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ የሚፈታው እርሱ ነው። ስለዚህ የእርሱ ንባብ ጎደለ ማለት የአንድ ተማሪ ውጤት ዝቅ አለ ማለት ብቻ ሳይሆን፥ ቤቱ በሙሉ ዓይኑን አጣ ማለት ነው። ልጁ ቃላቱን ጮኾ ቢያነብና ትርጉማቸውን ባያውቅ ደግሞ ጉዳቱ ጭራሽ ካለማንበብ ሊብስ ይችላል፤ ሰሚዎቹ ያወቀ መስሏቸው ያምኑታልና።

ይህ ሥጋታችን ከንቱ ፍርሃት አለመሆኑን ቁጥሩ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች በተደረገው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ካነበቡት ምንባብ ከቀረበላቸው ጥያቄ አንዱን እንኳ ያልመለሱት ግን 48 በመቶ ነበሩ። ብዙ ሰው የሚደነግጠው በመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ እኛ ግን አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። እነዚያ 14 በመቶ የሚሆኑት ልጆች ቃላቱን ጠርተዋል፤ ነገሩን ግን አላገኙትም። ዓለም ባንክም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መግለጫ በኢትዮጵያ የዐሥር ዓመት ዕድሜ አካባቢ ካሉት ልጆች ከዐሥሩ ዘጠኙ ያህል ቀላል ጽሑፍ አንብበው ለመረዳት የማይችሉ መሆናቸውን ገልጿል። እንግዲህ ችግሩ ልጆች ተማሪ ቤት አለመግባታቸው ብቻ አይደለም፤ ገብተው ተቀምጠው መጽሐፉ ሳይከፈትላቸው መቅረቱ ነው።

የዚህን ምክንያት ስንፈልግ ብዙዎች ጣታቸውን የሚቀስሩት በጥንቱ የቄስ ትምህርት ላይ ነው። «በቃል መያዝን ያወረሰን የኔታ ነው» ይላሉ። ይህ ፍርድ ግማሹ እውነት፥ ግማሹ ግፍ ነው። እውነት ነው፤ ልጁ ፊደሉን ከቆጠረ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን፥ ቀጥሎም ዳዊትን በግዕዝ፥ በውርድና በቁም ንባብ ሲለማመድ የቃሉን ትርጉም የሚያገኘው ከብዙ ዘመን በኋላ፥ እርሱም ወደ ከፍተኛው ትምህርት ከዘለቀ ነው። ነገር ግን ያ ትምህርት ዛሬ በብዙ ክፍሎች የማይገኙ ሦስት ነገሮች ነበሩት። አንደኛ፥ እያንዳንዱ ልጅ በየቀኑ በመምህሩ ፊት ድምፁን አውጥቶ ያነብ ነበር። ሁለተኛ፥ የቀደመው ተማሪ የኋለኛውን ያስቀጽል ስለ ነበር ልጁ የተማረውን ወዲያው ለሌላ ያስተላልፈዋል። ሦስተኛ፥ የድኻ ልጅ ትምህርት ቤት ነበር፤ የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጃፉ በሚያገኘው ቁራሽ ሲማር፥ የሚመግበው የአካባቢው ሕዝብ ነበር። ዘመናዊው ክፍል ከዚህ የወሰደው ደካማውን ጎን፥ ማለት ትርጉም የሌለውን ድግምት ነው፤ ጠንካራውን ጎን፥ ማለት የእያንዳንዱን ልጅ ድምፅ ማድመጥን ግን ትቶታል። ሥልሳና ሰባ ልጆች በታጨቁበት ክፍል ሁሉም በአንድነት ሲጮኹ የማን ድምፅ እንደጎደለ የሚያውቅ ማን ነው?

ከዘመናዊዎቹ የልጆች ንባብ መጻሕፍት መካከል በመጀመሪያ መነሣት የሚገባው የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ነው። ይህ መጽሐፍ ከጣልያን ወረራ በኋላ ለተነሣው ትውልድ የአማርኛ ንባብ መሠረት መሆኑን የማይመሰክር አንጋፋ የለም። ቋንቋው ንጹሕ፥ ታሪኩ አጭር፥ ቁም ነገሩ ጥርት ያለ ነው፤ ከዝርው ወደ ግጥም፥ ከግጥም ወደ ዝርው ሲሻገር የልጁን ጆሮ አያደክምም። ከግሪክና ከሮማ፥ ከሩቅ ምሥራቅም ያመጣውን ወግ የአገር ልብስ አልብሶ ማቅረቡ የደራሲው ትልቅ ችሎታ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ነገሥታት ይናገራሉ፤ ፈላስፎች ይናገራሉ፤ እንስሳት ሳይቀሩ ይናገራሉ፤ በመጨረሻም ጸሐፊው ምክሩን ይሰጣል። ልጁ ግን ሰሚ ብቻ ነው። ለዘመኑ ይህ ነቀፋ አይሆንም፤ ደራሲው ያገኘው ባዶ መደርደሪያ ነበርና የሞላው በሚያውቀው በጎ ነገር ነው። ነቀፋው የሚገባው ለተከታዮቹ ነው። እነርሱ ከከበደ ሚካኤል የወሰዱት ምክሩን እንጂ የቋንቋውን ውበት አይደለም። ስለዚህም ዛሬ በልጆች ስም የሚታተሙት ብዙዎቹ መጻሕፍት በ«ልጆች ሆይ» ጀምረው በተግሣጽ ይፈጸማሉ፤ በመካከሉ የሚያስቅም፥ የሚያስጨንቅም፥ «ከዚያስ?» የሚያሰኝም ነገር አይገኝባቸውም።

ከዚህ የተለየው መንገድ እንግዳ አይደለም፤ እንዲያውም በዕድሜ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1894 በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ «ጀልቀባ በርሲሳ» የተባለ የአፋን ኦሮሞ የንባብ መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል ታተመ። ያዘጋጁትም ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ናቸው። ሁለቱም በልጅነታቸው በባርነት የተወሰዱና በኋላ ነፃ የወጡ ነበሩ። አስቴር ከአገሯ ርቃ፥ ወላጆቿን ተነጥቃ ሳለች በአእምሮዋ የቀረውን ተረት፥ ምሳሌያዊ አነጋገር፥ እንቆቅልሽና ዘፈን እየሰበሰበች ጻፈች፤ የመማሪያው መጽሐፍም ከዚህ ተሠራ። ይህ ሥራ ለሒስ ሰው የሚሰጠው ትምህርት ትልቅ ነው። ከሁሉ ይልቅ የተቸገረች ልጅ፥ አገርም ቤትም ያልነበራት፥ ይዛው የወጣችው ሀብት ንግግር ነበር፤ ፊደሉም ያገለገለው ያንን ሀብት ለማኖር ነው። በዚህ መጽሐፍ ፊደል ለልጁ የመጣለት እንግዳ ነገር ሊያስተምረው ሳይሆን፥ አስቀድሞ በአፉ ያለውን በዓይኑ ሊያሳየው ነው። ልጁ የሚያውቀውን ተረት ሲያነብ ቃሉ ቢጠፋው ነገሩ ይመራዋል፤ ነገሩ ቢጠፋው ቃሉ ይመልሰዋል። ለሰበታና ለሱሉልታ ልጆች የሚጻፍ የመጀመሪያ መጽሐፍ ከዚህ የተሻለ አርአያ ሊያገኝ አይችልም ብለን እናምናለን።

ከቅርቡ ዘመን ሥራዎች ደግሞ የዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ድካም መነሣት አለበት። እኚህ ሰው ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ የሆነ መጽሐፍ በእጃቸው የገባው በ19 ዓመታቸው እንደ ነበረ ራሳቸው ተናግረዋል። ተሰደው አሜሪካ ከገቡ በኋላ በሳንፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ ለልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ከመደርደሪያው ላይ አጡ። ያ ማጣት ነው እ.ኤ.አ. በ2002 የሞኙን የማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ በሥዕል አስጊጠው እንዲያሳትሙ፥ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ የሾላን የልጆች ቤተ መጻሕፍት እንዲከፍቱ ያደረጋቸው። በኋላም በአዋሳ በአህያ የሚሳብ የመጻሕፍት ጋሪ አዘጋጅተዋል።

የማሞ ተረት በአገራችን የታወቀ ነው። እናቱ ወደ ሥራ ትልከዋለች፤ የተሰጠውን ደመወዝ እንዳይሆን አድርጎ ይዞ ያበላሸዋል፤ እርሷም «እንዲህ አድርገህ በያዝኸው ነበር» ትለዋለች፤ እርሱ ግን ለትናንቱ ዕቃ የተነገረውን ምክር ለዛሬው ዕቃ ይሠራበታል። ልጆች በዚህ ይስቃሉ። እኛ ግን ከሣቁ በታች ያለውን ማየት እንወዳለን፤ ማሞ ሰነፍ አይደለም፥ አልታዘዝም ባይም አይደለም። የታዘዘውን ቃል በቃል የያዘ፥ ትርጉሙን ግን ያልያዘ ልጅ ነው። ድግምቱን ተምሮ ንባቡን ያልተማረ ተማሪ ምሳሌ ቢፈለግ ከማሞ የተሻለ አይገኝም። ልጁ በማሞ ሲስቅ «እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» ብሎ ራሱን መጠየቁ አይቀርም፤ ይህ ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ንባብ ጀመረ ማለት ነው። መጽሐፉ ምክሩን በግልጥ ሳይናገር ምክር የሚሰጠው በዚህ ነው። አንድ መጽሐፍ ግን ቤተ መጻሕፍት አይሆንም፤ ማሞን የወደደ ልጅ በማግሥቱ ሌላ መጽሐፍ ይፈልጋል፤ ሳያገኝ ከቀረም የተከፈተው በር ይዘጋል።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታሪክም ይህንኑ ያረጋግጣል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ያ ዘመቻ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ያስተማረና በዓለም መድረክ የተሸለመ ትልቅ ሥራ ነበር። ዳሩ ግን ብዙው ሰው ፊደሉን ከለየ በኋላ በየቀበሌው የሚያነበው ነገር ስላጣ የተማረውን ረሳ። ፊደል እንደ መንገድ ነው፤ ሰው ካልሄደበት ሣር ያበቅልበታል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ንባብ ነው። ንባብ ግን ያለ ንግግር አይቆምም። በአገራችን አስተዳደግ ጥሩ ልጅ የሚባለው ዝም ያለ ልጅ ነው፤ «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። እዚያው አገር ግን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ተብሎም ይተረታል። የባለጸጋ ልጅ ቢያንስ በቤቱ የሚጠይቀው፥ የሚመልስለትም ሰው አለው። የድኻ ልጅ ግን ወላጆቹ ማለዳ ወጥተው ማታ ደክመው ሲገቡ፥ በክፍልም ከሥልሳ ልጆች አንዱ ሆኖ ሲቀመጥ፥ የመጀመሪያው ተረት ብቻ ዕጣ ፈንታው ይሆናል። ሳይናገር ያደገ ልጅ ደግሞ በሆስፒታልም፥ በፍርድ ቤትም፥ በቀጣሪውም ፊት በደሉን ማስረዳት ይሳነዋል።

ነገር ግን ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት በገንዘብ የሚገዛ አይደለም። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» የማይል ልጅ በአገራችን የት አለ? ይህ ጨዋታ በጥንቃቄ ቢመረመር ሙሉ የንግግር ትምህርት ነው። ጠያቂው ነገሩን ደብቆ መግለጥን ይማራል፤ ተጠያቂው መላ መምታትን ይማራል፤ ያላወቀው «አገር ስጠኝ» ተብሎ አገር ይሰጣል እንጂ አይሰደብም፥ አይገረፍም። አለማወቅ የማያሳፍርበት፥ አላወቅሁም ያለ ልጅ መልሱን ሰምቶ ተራውን የሚጠብቅበት ክፍል ይህ ነው። በአፋን ኦሮሞም «ሂቦ» የሚባለው እንቆቅልሽ እንዲሁ ሕፃናቱን በማታ ሰብስቦ ያነጋግራል። መምህራን ይህን ከግቢ ወደ ክፍል ቢያስገቡት፥ ልጁም የራሱን እንቆቅልሽ ጽፎ ቢያመጣ፥ ንባብና ንግግር በአንድ ገበታ ቀረቡ ማለት ነው።

የቴሌቪዥንን ድርሻ በሚመለከት በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከተከፈተ ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ የልጆችን ክፍለ ጊዜ የመሩት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ለቃል ተረት ያደረጉት ውለታ አይረሳም። የእርሳቸው ብልሃት ማውራት ብቻ አልነበረም፤ ልጆችን በፊታቸው አቅርበው ተረት እንዲያወሩ ያደርጉም ነበር። ከእርሳቸው በኋላ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረባዋ ያዘጋጁት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የአሻንጉሊት ትርኢት ጠያቂ ሕፃንን ዋና ባለታሪክ ማድረጉ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የቴሌቪዥን መስኮት አንድ ጉድለት አለው፤ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ከቡራዩ ጓሮ ሆኖ የሚመልሰውን ልጅ መልስ የሚቀበለው ሰው ያስፈልጋል፤ ያም መምህር፥ ታላቅ እኅት ወይም ጎረቤት መሆን አለበት።

በሰበታ ያለው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ስለዚህ ጉዳይ የሚያስተምረን ነገር አለ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተመሠረተው ይህ ቤት ዓይነ ስውራን ልጆችን በብሬል ሲያስተምር ቆይቷል። በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ በነጥብ ስለሚጻፉ፥ ዓይናማው ልጅ ከሁለት መቶ በላይ ቅርጽ ሲያጠና ዓይነ ስውሩ ልጅ በጥቂት ምልክቶች ሁሉን ይጽፋል። የምልክቱ ማነስ ግን መጽሐፍ አያበዛለትም። የብሬል መጽሐፍ ወፍራም ነው፤ ዋጋውም ውድ ነው፤ በገበያም አይገኝም። ለዓይነ ስውሩ ልጅ ንባብ በአጋጣሚ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ በመንገድ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አያነብም፤ ከሱቅ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ አይገልጥም። መጽሐፉን አስቦ የሚያዘጋጅለት ሰው ከሌለ ፈጽሞ የለውም። ነገሩን በቅርብ ስናየው ግን የድኻ ልጅ ሁሉ በዚህ ረገድ ከእርሱ ብዙም አይለይም። በቤቱ መደርደሪያ የሌለው ልጅ ዓይን ቢኖረውም የሚያሳርፍበት ገጽ የለውም።

ስለ ቋንቋና ስለ ፊደል ያለው ጉዳይም ሳይነሣ አይታለፍም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ወስኗል፤ አፋን ኦሮሞም ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በቁቤ፥ ማለት በላቲን ፊደል፥ ይጻፋል። የእነዚህ ከተሞች ልጅ እንግዲህ በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ዓይነት ፊደል፥ በአንድ ግቢም ሦስትና አራት ቋንቋ ያገኛል። አንዳንድ ሰዎች ይህን እንደ መርገም ይቈጥሩታል። እኛ ግን ጉዳቱ ያለው በቋንቋዎቹ ብዛት ሳይሆን በመጻሕፍቱ ማነስ ነው እንላለን። ልጁ በሚያልምበት ቋንቋ አስቀድሞ ይንበብ፤ ከዚያም ያንኑ ተረት በጎረቤቱ ቋንቋ ያግኘው። ጥንቸሏ ጅቡን በአፋን ኦሮሞ ካታለለችው፥ በአማርኛም ስታታልለው ልጁ ነገሩን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ሁለተኛውን ቋንቋ በሣቅ ይማረዋል። እንዲህ ያለ የሁለት ቋንቋ መጽሐፍ ለእነዚህ ከተሞች ከሁሉ የበለጠ ተፈላጊ ሲሆን፥ ከሁሉ ያነሰ የተጻፈውም እርሱ ነው።

በመጨረሻ ስለ እርዳታ እንናገር። ከውጭ አገር በመርከብ የሚመጡት የልጆች መጻሕፍት በበጎ ፈቃድ የተላኩ ናቸው፤ ምስጋናም ይገባቸዋል። ነገር ግን በረዶና የገና ዛፍ የተሣለበት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ገና ላላነበበ ልጅ የሥዕል ማያ እንጂ የንባብ መለማመጃ አይሆነውም። ከዚህ የተሻለው እርዳታ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በሰባት ቋንቋዎች የንባብ መማሪያ መጻሕፍትን እንደ አዲስ ለማዘጋጀት የተሰጠው ነበር። ያንን በገንዘብ የደገፈው የአሜሪካ የልማት ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘግቷል። ከዚህ የምንማረው የሰው ጋን የሰው መሆኑን ነው። የልጆቻችን የንባብ መጽሐፍ በሌላ አገር በጀት ላይ ተንጠልጥሎ ሊኖር አይገባውም።

ለማንኛውም መጽሐፍና ለማንኛውም እርዳታ የምናቀርበው መለኪያ አንድ ነው፤ ልጁ ያነበበውን ለሌላ ልጅ በራሱ ቃል ሊነግረው ይችላል ወይ? ከቻለ መጽሐፉ ሥራውን ሠርቷል፤ ካልቻለ ወረቀቱ ቢያምር፥ የታደለው ቁጥር ቢበዛ ምን ይጠቅማል? በዚህ መለኪያ ባለሥልጣኑ ሪፖርቱን፥ መምህሩ ክፍሉን፥ ደራሲውም ብዕሩን ይመርምር።

ሥራው ለአንድ ወገን ብቻ ከተተወ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ባለሥልጣኑ በየቀበሌው አንዲት ክፍል ለንባብ ይክፈት፤ ቁልፉም ዕቃ ግምጃ ቤት ሳይሆን በልጆቹ መምህር እጅ ይሁን። መምህሩ በሳምንት አንድ ጊዜ የእያንዳንዱን ልጅ ድምፅ ለብቻው ያድምጥ። የከፍተኛ ክፍል ተማሪው የየኔታን ልማድ አድሶ ታናሹን ያስነብብ። ደራሲው ደግሞ ወደ ሰበታ፥ ወደ ቡራዩና ወደ ሱሉልታ ወርዶ፥ ከመጻፉ በፊት ልጆቹ ሲያወሩ ይስማ። አስቴር ጋኖ ከትዝታዋ የሰበሰበችው ዓይነት ሀብት በእነዚያ ግቢዎች ዛሬም በልጆች አፍ ላይ አለ፤ የጎደለው ሰምቶ የሚጽፈው ሰውና ታትሞ የሚመለስላቸው መጽሐፍ ነው።